የሪዘርቭ ሻንጣ ወደ ሃክስልቢ

መሥሪያ ቤቴ ወደ እንግሊዝ አገር የላከኝ ስለ ውኃ ምርመራ እንድሰለጥን ነው። የልደታ ሰው የላከኝ ግን ሻንጣ እንዳደርስ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ ልደታ ላልኖረ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ስልጠናውን ባጓድል ማስጠንቀቂያ ይጻፍብኛል፤ ሻንጣውን ሳላደርስ ብመለስ ግን ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ የሚያገኘኝ ጎረቤት ሁሉ እስክሞት ድረስ «ለምን?» ይለኛል።

ሻንጣው አረንጓዴ የሸራ ሻንጣ ነው። ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም፣ በእንግሊዝኛ፣ «ሃክስልቢ ታውን እግር ኳስ ክለብ፣ ሪዘርቭ» ተብሎ ተጽፎበታል። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ እኛ ሰፈር አጠገብ ጂኦግራፊ ያስተምር የነበረ ቲቸር ፒተር የሚባል እንግሊዛዊ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ አሥራ አንድ ቀይ ማልያ ከነሻንጣው ለሰፈሩ ልጆች ሰጥቶ ሄደ። ማልያዎቹን የተረከቡት ጋሽ ታደለ ነበሩ። ያኔ ሠላሳ ያልሞላቸው ወጣት ናቸው፤ አሁን ሰማንያ ሊደፍኑ ነው። በማግስቱ ቡድን አቋቋሙ፣ አሰልጣኝም ሆኑ። ስም ለማውጣት ማንም አልተጨነቀም፤ ስሙ ሻንጣው ላይ ተጽፎ መጥቷል።

ሃክስልቢ የከተማ ስም መሆኑ ወዲያው ገባቸው። «ሪዘርቭ» የሚለውን ደግሞ ጋሽ ታደለ ከሠርግ ቤት ተረጎሙት። ሆቴል የተደገሰ ሠርግ ላይ ከፊት ያለው ጠረጴዛ «ሪዘርቭ» የሚል ወረቀት ይቀመጥበታል፤ እዚያ የሚቀመጡት የሙሽራው አጎቶችና ባለ ሥልጣኖች ናቸው። ስለዚህ ሪዘርቭ ማለት የተከበረ፣ ለትልቅ ሰው የተያዘ ማለት ነው። ማን ይከራከራል? እኔ ራሴ ለዚህ ቡድን አሥር ዓመት በረኛ ስሆን፣ አምስት ጎል የገባብኝ ቀን እንኳን ደረቴን ነፍቼ ነው ከሜዳ የምወጣው። የጎረቤት ሰፈር የአብነት ልጆች «እናት ክለባችሁ እንግሊዝ ነው አሉ፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ ሲያበሽቁን፣ በቅናት ነው እንል ነበር።

በኋላ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ፈረሰ፤ ሜዳው ላይም ኮንዶሚኒየም በቀለበት። ዕጣ ሲወጣ ጋሽ ታደለ የደረሳቸው ምድር ቤት፣ ድሮ የማዕዘን ምት የምንመታበት ቦታ ላይ ነው። መንግሥት አንዳንዴ ሳያስበው ይቀልዳል።

ቅዳሜ፣ የመነሻዬ ዕለት፣ ጋሽ ታደለ ቤት ተጠራሁ። ሻንጣው አልጋው ላይ ተቀምጧል። ውስጡ የተረፈችው አንዲት ማልያ ተጣጥፋ አለች። ሚስታቸው እትዬ አስካለ ከማልያዋ በላይ ዳቦ ቆሎ ሞልተውበታል። ለማን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ለተጫዋቾቹ ነዋ! ከጨዋታ በኋላ ይርባቸው የለ?» አሉኝ።

ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ከከተማዋ ያገኘሁት አንድ ፀጉር ቤትና የአየር ጠባይ ብቻ እንደሆነ ለጋሽ ታደለ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው።

«ጨዋ ሰው ስልክ ላይ አይጮህም» አሉኝ። ከዚያ እጄን ያዙኝ። «ስማ ደረጀ። ሰላም በላቸው። ማልያዋን አሳያቸው። እኛም እንደነበርን ንገራቸውና መዝገባቸው ላይ ይጻፉን። ሜዳችን የለ፣ ዋንጫ የለን። እኔ ስሞት እንደነበርን የሚያውቅ ማን አለ? አንድ መስመር ትበቃኛለች።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

እሁድ ጠዋት እንግሊዝ ገባሁ። ጉምሩክ ላይ አንድ ወጣት መኮንን ሻንጣውን አስከፍቶ ዳቦ ቆሎውን በጓንት አገላበጠ፤ ጥይት መስሎት እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ፣ «ሪዘርቭ?» ብሎ ፈገግ አለና አሳለፈኝ። እኔም ማንነቴን ያወቀ መስሎኝ አንገቴን ቀና አድርጌ አለፍኩ።

ስለ ስልጠናው ብዙ የምለው የለም። አምስት ቀን ሙሉ ከቧንቧ የሚወርድ ውኃ እንዴት እንደሚመረመር አስተማሩን። ውኃው ከቧንቧው ባይወርድስ ብዬ ጠየቅኩ። አስተማሪው ጥያቄው አልገባውም፤ እንግሊዝኛዬን አስተካክሎልኝ አለፈ።

ቅዳሜ ነጻ ወጣሁና በባቡር፣ ቀጥሎም በአውቶቡስ ወደ ሃክስልቢ ጉዞ ጀመርኩ። ባቡሩ ውስጥ ሰው ሁሉ ሐዘን የተቀመጠ ይመስል ዝም ብሏል። የእኛ የልደታ ባቡር ሰው ላይ ሰው ተደርቦ የሚሄድ ቢሆንም፣ ቢያንስ የማን ልጅ እንደታመመ ሰምተህ ትወርዳለህ። አውቶቡሱ ደግሞ ረዳት የለውም። «ወራጅ አለ?» የሚል የለ፣ የቦታውን ስም የሚጠራ የለ። ሕይወቴን ሙሉ የታክሲ ረዳቶችን ጩኸት ስረግም የኖርኩ ሰው፣ ሃክስልቢን በዝምታ አልፌ ሁለት መንደር ርቄ ሄድኩ። ስወርድ ይዘንባል፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ጨለመ። ፀሐይዋ እንኳን የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ቢሮ አትገኝም።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ያው አውቶቡስ ሲመለስ አየኝና ቆመ። ሹፌሯ ወፍራም ሴት ናት። «ግባ ፍቅሬ፣ በሰበስክ እኮ» አለችኝ። ፍቅሬ! ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ስኖር ባለቤቴ ይህን ቃል ሁለት ጊዜ ብላኛለች፤ አንዱን በስህተት። ቲኬት ልቁረጥ ብል እምቢ ብላ፣ ከፌርማታው አልፋ እንግዳ ማረፊያው በር ላይ አወረደችኝ። በር የከፈቱልኝ የማረፊያው ባለቤት ወይዘሮ ማርጋሬትም «ግባ ፍቅሬ» ሲሉኝ፣ በዚያ አገር የታክሲ ረዳት «አባት» እንደሚለው ዓይነት ነገር መሆኑ ገባኝና ልቤ ተመለሰ።

ካፖርቴን ምድጃው አጠገብ ሰቀሉልኝ፣ የሟች ባላቸውን የሱፍ ካልሲ ሰጡኝ። ሻይ ስጠጣ፣ የሃክስልቢ ታውን ክለብ ጽሕፈት ቤት የት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ክለቡ?» አሉ፤ ሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። «ውይ ፍቅሬ፣ እሱ እኮ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል።»

እንዴት እንደሞተ፣ ማን እንደገደለው አልጠየቅኩም። ያሰብኩት ጋሽ ታደለን ብቻ ነው። ስልኬ የጠራውም ያኔ ነው።

«ደረስክ?» አሉኝ ከልደታ።

«ደርሻለሁ ጋሼ።»

«ሰላም አልካቸው?»

አሁን ፈረንጅ ቢሆን እዚያው እውነቱን ይናገር ነበር። እኛ ግን መርዶ በስልክ አንናገርም። መርዶ ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በር ተንኳኩቶ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነው። «ቅዳሜ ዝግ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ነገ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።»

«ጥሩ። እግዜርን የሚፈሩ ሰዎች ናቸው» አሉና ዘጉ።

እሁድ ጠዋት ወይዘሮ ማርጋሬት ቁርስ ብለው እንቁላል፣ ቋሊማና የአሳማ ሥጋ ደረደሩልኝ። የገና ጾም ነው። ጾመኛ መሆኔን በእጅ በእግር ሳስረዳ፣ ሳህኑን አንስተው በቲማቲም ስልስ የተጨማለቀ ቦሎቄ ይዘውልኝ መጡ። እውነት ለመናገር የጾም በያይነት ላይ ቢቀመጥ ማንም አይታዘበውም። ሌላው የምግባቸው ነገር ግን ጨው የጠፋበት ነው። ቁርስ ስበላ ለአንድ ሰው ደወሉልኝ፤ የክለቡ የመጨረሻ ጸሐፊ የነበሩ፣ ሚስተር ኖርማን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ወይዘሮ ማርጋሬት ስልኩን ሲዘጉ «ከሰዓት በኋላ ና ብለውሃል» አሉኝ።

እስከዚያ ሜዳውን ልይ ብዬ ሄድኩ። ሜዳው ሱፐርማርኬት ሆኗል፤ ከፊቱ ያለው መኪና ማቆሚያ ነው። አንድ ጎል የነበረበት ቦታ የዕቃ መግፊያ ጋሪዎች ተሰልፈዋል። በረኛ ነኝና ቦታውን ለማወቅ ማንንም አልጠየቅኩም፤ መሬቱ አሁንም መሐሉ ጎድጎድ ብሏል፤ በረኛ ሲመላለስበት የሚጎደጉድ ቦታ ነው። እኛን ያፈረሰን ድህነት ነው እያልን ስናማርር ነበር። እነዚህ ሀብታም ሆነውም ፈርሰዋል። ልዩነቱ የእኛ ሜዳ ሰው ይኖርበታል፣ የእነሱ መኪና ይቆምበታል።

ከሰዓት በኋላ ሻንጣዬን አንግቤ የሚስተር ኖርማንን በር አንኳኳሁ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ አንድ ድመት እግራቸው ሥር የምትዞር ሽማግሌ ከፈቱልኝ። ባርኔጣዬን አወለቅኩና አጎነበስኩ። የተላክሁት ሰላም ለማለት ነበር፤ ነገር ግን የሞተ ቤት ገብቼ ሰላም እንዴት ነው ብል ልደታ ትታዘበኛለች። ስለዚህ እንደ አገሬ ደንብ፣ በእንግሊዝኛ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኳቸው።

«ስለ ምን?» አሉ።

«ስለ ሃክስልቢ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ትናንት ነው የሰማሁት።»

ሽማግሌው በሩን እንደያዙ ቆሙ። «ክለቡ የተዘጋ ጊዜ» አሉ፣ «ይህን በር አንድ ሰው አላንኳኳውም። ጋዜጣው አራት መስመር ጻፈ፤ ከጠፋ ውሻ ማስታወቂያ በታች። አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

አስገቡኝና ተቀመጥን። እኛ ጋ ለቅሶ ቤት ንፍሮ ይቀርባል፤ ንፍሮ ስላልነበረ የእትዬ አስካለን ዳቦ ቆሎ ዘረገፍኩ። እሳቸውም በሰው ሠራሽ ጥርሳቸው እየታገሉ በሉ። ለቅሶ ስንት ቀን እንደምንቀመጥ ጠየቁኝ። ሦስት ቀን እንደሆነ ስነግራቸው፣ እዚያ ለሰውም አንድ ሰዓት ነው አሉኝ።

ዳቦ ቆሎው ሲያልቅ ሻንጣውን ሳዞረው ጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ታየ። ሚስተር ኖርማን መነጽራቸውን አደረጉ። ፊታቸው ቀላ።

«ይህን ሻንጣ ከየት አመጣኸው?»

ስለ ቲቸር ፒተር ደግነት፣ ስለ አሥራ አንዱ ማልያ፣ ስለ ጋሽ ታደለ በሰፊው ተረክሁላቸው። ተነሥተው ጋራዥ ሄዱና አቧራ የለበሰ ትልቅ የቃለ ጉባኤ መዝገብ ይዘው መጡ። ገለጡ፣ ገለጡ፣ አንድ ገጽ ላይ ጣታቸውን ተከሉ። የሪዘርቭ ቡድን ማልያ በሙሉ ከነሻንጣው ጠፍቷል ይላል።

«ፒተር!» አሉ ጠረጴዛውን እየደበደቡ። «ያ የማይረባ የግራ ተመላላሽ! አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ ፈልገናል! ልጆቹ በተውሶ ሸሚዝ ነው የተጫወቱት!»

እንግዲህ ተመልከቱ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስሙን በምርቃት ስናነሣው የኖርነው ሰው ማልያ ሰርቆ የመጣ ኖሯል፤ እኔም የሌባ ዕቃ ተሸክሜ በጉምሩክ በኩራት አልፌያለሁ። ይህን ክፍል ለጋሽ ታደለ አልነገርኳቸውም። የምታነቡ የልደታ ልጆች አፋችሁን ያዙ።

«ግን ለምን የሪዘርቩን ሰረቀ?» አልኩ ነገር ለማለዘብ። «የክብር ማልያ ስለሆነ ነው?»

«የምን ክብር?»

የሠርጉን ጠረጴዛ ነገርኳቸው። ሚስተር ኖርማን ሳል እስኪያንቃቸው ሳቁ። «ሪዘርቭ ማለት ዋናው ቡድን ውስጥ ያልገቡት ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁት» አሉ። ከዚያ ፊቴን አይተው ሳቃቸውን ዋጡ።

ተጠባባቂ! ከልደታ እስከ አብነት «እኛ ተጠባባቂዎቹ መጣን» እያልን ስንፎክር ኖረናል። ሆቴል ውስጥ ክብር፣ ሜዳ ላይ ወንበር። ያው አንድ ቃል ነው፤ ዕድል ነው እንጂ።

ሚስተር ኖርማን ሊያጽናኑኝ ፈልገው መሰለኝ የክለቡን ታሪክ ጀመሩልኝ። የሸክላ ጡብ ሠራተኞች ናቸው ያቋቋሙት፤ የመጀመሪያው ሜዳ የጭቃ ጉድጓድ ዳር ስለነበር ኳስ ከገባ ተጫዋች ልብሱን አውልቆ ይዋኛል። አንድ ጊዜ ከነሱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ክለብ አሸንፈው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል አመሸ። ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ፣ የተመልካቹን ጣሪያ ነፋስ ወሰደው፣ መሬቱ ተሸጠ። ዋናዎቹ ተጫዋቾች ጎረቤት ከተማ ኮበለሉ። የመጨረሻውን ዓመት ጨዋታ የጨረሱት ሪዘርቮቹ ናቸው፤ በረኛ ጠፍቶ ሚስተር ኖርማን በዚያ ዕድሜያቸው ጎል ውስጥ ቆሙ። ስድስት ለባዶ።

«ሁለተኛዋን እንኳን ማዳን ነበረብኝ» አሉ።

«እኔም አምስት ገብቶብኛል» አልኳቸው። በረኛ ለበረኛ ይተዋወቃል።

«የእናንተስ ቡድን መቼ ፈረሰ?» ብለው ጠየቁ። ሰፈሩ የፈረሰበትን ጊዜ ነገርኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ ጋሽ ታደለ ስለላኩት ጉዳይ፣ ስለ አንዷ መስመር ነገርኳቸው። «ነገ ከመሄድህ በፊት ና» ብቻ አሉኝ።

ያን ምሽት ጋሽ ታደለ ሲደውሉ፣ ጸሐፊው በጣም የተከበሩ ሰው መሆናቸውንና ጉዳያችንን እያጠኑት እንደሆነ ነገርኳቸው። «ቢሮ ነው፣ ይቆያል» አሉኝ በመረዳት።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ማርጋሬት ለመንገድ ቦሎቄ በቆርቆሮ ቋጠሩልኝ፤ የሌሊቱን ክራይ ግማሹን አልቀበልም ብለው ካልሲውንም ውሰደው አሉኝ። ሚስተር ኖርማን ክራቫት አሥረው ነበር የጠበቁኝ። ማልያዋን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው፤ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና ወንበር ላይ ዘረጓት። መዝገቡን ግን ሻንጣው ውስጥ ከተው ዚፑን ዘጉት።

«ልጆቼ መጣል ነው የሚፈልጉት» አሉኝ። «የጻፍኩትን ለአሰልጣኝህ አንብብላቸው። ሌላውን እሳቸው ያውቃሉ።» ፌርማታው ድረስ በዝናብ ሸኙኝ። ስንለያይ እጄን ሊጨብጡኝ ዘረጉ፤ እኔ ግን እንደ ልደታ ትከሻ ለትከሻ ሳምኳቸው። አልቅሻለሁ፤ ዝናብ ነው ብዬ አልዋሽም።

ማክሰኞ አዲስ አበባ ገብቼ ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ አብነት፣ ሸምሱ ጋ ሄድኩ። ሸምሱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ድሮ የግራ ክንፋችን ነበር፣ የተቀደዱትን ማልያዎች ሲጠቅም የኖረውም እሱ ነው። ሁሉንም ነገርኩት። መቀሱን አስቀምጦ ጭንቅላቱን ያዘ። «ሞቱንስ እናርዳቸው» አለ። «ተጠባባቂ መሆናችንን ግን ማን ይነግራቸዋል? ይሄኛው ነው የሚገድላቸው።»

ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል እኔና ሁለት የድሮ ተጫዋቾች ጋቢ ለብሰን፣ ሸምሱም ከሱብሂ ሶላት በቀጥታ መጥቶ፣ የጋሽ ታደለን በር በቀስታ አንኳኳን። እትዬ አስካለ ከፍተው አራት ወንድ በዚያ ሰዓት ሲያዩ ደረታቸውን መቱ። «ወንድሜ ነው! ወንድሜ ነው አይደል?»

«ኧረ እትዬ፣ ሰው አይደለም» አልኩ ተደናግጬ። «ክለብ ነው።»

«ክለብ?! ልቤን አጥፍታችሁት!» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ሊመቱኝ ቃጡ። ጋሽ ታደለ ግን ከውስጥ ሰምተው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ገብቷቸዋል።

«መቼ?» አሉ።

«ቆይቷል ጋሼ። ከሃያ ዓመት ይበልጣል።»

«ቀብሩ ላይ ሰው ነበር?»

«ጥቂት።»

በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሁላችንም አቀርቅረን ተቀመጥን። ትንሽ ቆይቼ መዝገቡን ከሻንጣው አወጣሁና የመጨረሻውን ገጽ አነበብኩላቸው። በድሮ ቀለም «ክለቡ ከዛሬ ጀምሮ ፈርሷል» ይላል። ከሥሩ፣ ገና በአዲስ ቀለም፦ «ከላይ የተጻፈው ስህተት ነው። የፈረሰው ዋናው ቡድን ነው። ሪዘርቭ ቡድኑ በአቶ ታደለ አሰልጣኝነት ልደታ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ተጫውቷል። ኖርማን፣ ጸሐፊ።»

«ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ስማቸው ያለበትን ቦታ በጣታቸው እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ ጣታቸውን እዚያ ላይ አኑረው ቆዩ።

ከዚያ ቀና አሉ። «እስቲ ከባለቤቶቹ ሰምተህ ስትመጣ፣ ሪዘርቭ ማለት በትክክል ምን ማለት ነው አሉህ?»

ሸምሱ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። የምነግራቸው እኔ ነኝ። መርዶ ከተጀመረ አይቋረጥም። «ተጠባባቂ ማለት ነው ጋሼ። ወንበር ላይ ሆኖ የሚጠብቅ፣ ዋናው ሲወጣ የሚገባ።»

ጋሽ ታደለ በመስኮቱ አሻግረው ድሮ ሜዳ የነበረውን ግቢ ለረጅም ጊዜ አዩ። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ በፕላስቲክ ኳስ ግድግዳውን ይነርታሉ።

«ዋናው ወጥቷል አላላችሁኝም?» አሉ።

«ወጥቷል ጋሼ።»

«ታዲያ እኛ ገብተናል ማለት ነዋ!» ብለው በአልጋው ሥር በእግራቸው ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። «አስካለ፣ ፊሽካዬን የት አደረግሽው?»